ማዮማ ሳይከፈት የሚታከምበት መንገድ አለ? ባሕር ዳር ያላችሁ ምከሩኝ

ጣና ዳር፦

እንዴት ሰነበታችሁ እህቶች። ወንዶችም የምታውቁት ካለ ጻፉልኝ፣ ቅር አይለኝም።

34 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር አስተማሪ ነኝ። ትዳር ከያዝኩ ቆይቻለሁ፣ ልጅ ግን ገና አልወለድኩም። የወር አበባዬ ድሮ ልከኛ ነበር። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መጥቶ አሁን ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ሌሊት ሳልነሳና ሞዴስ ሳልቀይር አላድርም፣ የረጋ ደምም አለው። ጥቁር ቀሚስ ካልለበስኩ ክፍል አልገባም። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ነው ሰሌዳ ላይ የምጽፈው። ከባጃጅ ስወርድ ወንበሩን ዞሬ ሳላይ አልሄድም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል።

አልትራሳውንድ ተነሳሁና ማዮማ አለሽ ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነው የተጻፈው። አንዱ 7 በ6 ሴንቲሜትር፣ የማህፀኑ የፊት ግድግዳ ውስጥ ያለ። ሌላው 2.5 ሴንቲሜትር፣ አጠገቡ "ሰብሙኮሳል" ይላል። የደሜ መጠን፣ ሂሞግሎቢን የሚሉት፣ 8.1 ነው። ያየኝ ሐኪም ወረቀቱን አገላብጦ "ትልቁ 7 ስለሆነ ሆድሽ ተከፍቶ ይወጣል፣ ደም ካስቸገረ ማህፀኑም አብሮ ሊወጣ ይችላል፣ ፈርመሽ ነው የምትገቢው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ቀጥሎ ምን እንደምጠይቅ ሳላስብ ነው የወጣሁት።

ውጭ አገር ያለች ዘመዴ "አሁን እኮ በደም ሥር ገብተው ያደርቁታል" አለችኝ። ባልደረባዬ ደግሞ በካሜራ ይወጣል ትላለች። አክስቴ ጸበል ሂጂ ብላኛለች፣ እሱንም ይዣለሁ። እኔ መውለድ እፈልጋለሁ። ሳይከፈት የሚሆነው የትኛው ነው? ለእኔስ ይሆናል? በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ እባካችሁ።

ሲስተር ከማህፀን ክፍል፦

እህቴ አይዞሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽና ትንሽ ተንፍሺ፤ ማዮማ ካንሰር አይደለም። የማህፀን ጡንቻ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ አድጎ የሚሠራው እብጠት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ጥቁር ሴቶች 50 ዓመት እስኪደርሱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማዮማ እንደሚኖራቸው አሳይቷል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የማያስቸግር ማዮማ አይነካም፣ ይታያል ብቻ። ያንቺ ግን እያደማሽ ስለሆነ መታከም አለበት።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ሐኪሙም አንቺም 7ቱን ነው ያያችሁት። እኔን ያሳሰበችኝ 2.5ዋ ናት። ማህፀንን እንደ አንድ ክፍል ቤት አስቢው። ማዮማ ከግድግዳው ወደ ውጭ፣ ወደ ግቢው ሊያብጥ ይችላል፤ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወይም ልስኑን ገፍቶ ወደ ክፍሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሰብሙኮሳል የሚባለው ይሄ ሦስተኛው ነው። ብዙ ደም የሚያፈስሰውም፣ እርግዝና እንዳይቀመጥ የሚያስቸግረውም በአብዛኛው እሱ ነው፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ። ወደ ውጭ ያበጠ 8 ሴንቲሜትር የወር አበባዋን ምንም ሳይነካባት የምትኖር ሴት አለች፣ በ2 ሴንቲሜትር ደግሞ ደም እስኪሰጣት የምትደርስ አለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ሴንቲሜትር ነው" ሳይሆን "የት ነው ያለው" ነው።

ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ደረጃ አለው። ሐኪሞቹ በቁጥር ይጠሩታል። ሙሉ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተንጠልጥሎ ካለ 0፣ ከግማሹ በላይ ውስጥ ከሆነ 1፣ ከግማሹ በላይ ግድግዳው ውስጥ ከተቀበረ 2። 0 እና 1 ከሆነ፣ መጠኑም ያንቺን ያህል ከሆነ፣ በሂስትሮስኮፒ ይወጣል። ሂስትሮስኮፒ ማለት በብልት በኩል፣ በማህፀን በር አልፎ የሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው። ሆድሽ ላይ አንድም ጭረት የለም፣ ስፌት የለም። ማህፀኑ በፈሳሽ ይነፋና ማዮማው በትንሽ ትንሹ እየተላጠ ይወጣል። ብዙዎቹ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። 2 ከሆነም ይቻላል፣ ግን ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም በሁለት ጊዜ ነው የሚጠናቀቀው። በዚህ ሥራ ላይ ከባዱ ነገር ፈሳሹ ነው። የገባውና የወጣው እየተቆጠረ ይያዛል፣ ምክንያቱም ሰውነት ብዙ ከመጠጠው ጨው ይዛባል፣ ሳንባም ውሃ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ስትጠይቂ "መሣሪያው አላችሁ?" ብቻ አትበዪ። "በወር ስንት ትሠራላችሁ? ፈሳሹን ማን ነው የሚቆጥረው?" በዪ። እንዲህ ተብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ጎበዝ ሐኪም አይከፋውም።

7ቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ክፍሉን ካልገፋው ልትተዪው የምትችይበት ዕድል አለ። የማህፀኑን ክፍል ቅርጽ ያላበላሸን የግድግዳ ማዮማ ማውጣት የመጸነስ ዕድልን ይጨምራል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ክፍሉን ከገፋው ግን በላፓራስኮፒ ሊወጣ ይችላል፤ እምብርት አካባቢና ከሆድ በታች ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ተከፍተው ማለት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር መስፋቱ ነው። ማዮማው ከወጣ በኋላ የማህፀኑ ግድግዳ በደንብ ተደርቦ ካልተሰፋ በእርግዝና ጊዜ የመቀደድ አደጋ አለው። ከዚህ በኋላ ለመጸነስ ከ3 እስከ 6 ወር ጠብቂ ይሉሻል፣ ጥልቅ ከነበረም በኦፕሬሽን ነው የምትወልጂው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደምሽ። 8.1 ይዘሽ ለየትኛውም ኦፕሬሽን አትቸኩዪ። አይረን ጀምሪ። ቡና ወይም ሻይ ላይ አትውሰጂው፣ በደንብ አይሠራም፤ ከቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አርቂው። አቦል ቶና በረካ እየተባለ ከሰዓቱ ሁሉ በቡና የሚያልፍበት ቤት ካለሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው። በብርቱካን ወይም በሎሚ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድሽን ካስቸገረሽ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ይሠራል። የወር አበባሽ ሲመጣ ደሙን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን አለ፣ በሚፈስሽ ቀናት ብቻ የሚወሰድ። እግርሽ ላይ ወይም ሳንባሽ ላይ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ አይሆንሽም፣ ስለዚህ ሐኪም ይዘዝልሽ።

በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከደረስሽ፣ መድረክ አትጻፊ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

የዘጌዋ፦

ሲስተር ዕድሜ ይስጥሽ፣ እኔ የምጽፈውን ግማሹን ጻፍሽልኝ።

እህቴ፣ እኔ ያንቺው ዓይነት ነበርኩ። አንድ ብቻ ነበር፣ 3 ሴንቲሜትር፣ ውስጥ የገባ። እኔንም አንድ ክሊኒክ "ይከፈታል" ብሎኝ ነበር፣ ቀን ሁሉ ሰጥቶኝ። ወንድሜ ነው "ሌላ ሐኪም ሳያይሽ አይሆንም" ብሎ እንቢ ያለው። ከዚያ ሪፈር አጽፌ አዲስ አበባ ሄድኩና በሂስትሮስኮፒ ወጣልኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ እኔ ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ። ከማታው ጀምሮ ምግብ አልበላሁም። ጠዋት የማህፀን በር የሚያለሰልስ ኪኒን ሰጡኝ፣ እሱ ትንሽ ቁርጠት አለው። ሰመመን ሰጡኝ። ስነቃ የወር አበባ ሕመም የመሰለ ነገር ነበረኝ፣ ሌላ የለም። ሆዴን ደባበስኩት፣ ፋሻ የለም። አላመንኩም፣ ነርሷን "ተሠራልኝ ወይስ ቀረ?" አልኳት። ማታውን እህቴ ቤት ሽሮ በላሁ። ትንሽ ደም ለተወሰኑ ቀናት ይታያል፣ ከዚያ ውሃማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቆማል። የወጣው ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ማዮማ ብቻ መሆኑ ተረጋግጦ ወረቀቱ ተሰጠኝ። ያን ወረቀት ሳትቀበዪ እንዳትመጪ።

የሚቀጥለው የወር አበባዬ ሲመጣ እንደ ድሮዬ ሆነ። ነጭ ነጠላ ለብሼ ከዘጌ በጀልባ ተሻገርኩ። ይሄ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፣ ለኛ ግን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ስለ መንገዱ አንድ ምክር። መጀመሪያ ደውለሽ አረጋግጪ። ማሽኑ እየሠራ ነው ወይ፣ ሐኪሙ አለ ወይ፣ ወረፋው እስከ መቼ ነው። ሳይደወል ተነስቶ ያን ሁሉ የአባይ በረሃ ማቋረጥ፣ ያውም ደም ባነሰበት ሰውነት፣ አይገባም። የጤና መድህን ካለሽ ደግሞ ሪፈሩ ከታች ጀምሮ በሥርዓቱ የተጻፈ ይሁን፣ አለዚያ ከኪስሽ ነው።

አባይ ማዶ፦

ወንድ ነኝ፣ ስለ ባለቤቴ ነው የምጽፈው፣ እሷም ጻፍላት ብላኛለች።

በደም ሥር የሚባለው እውነት ነው፣ ኢምቦላይዜሽን ይባላል። ባለቤቴ 44 ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉን፣ ከዚህ በኋላ መውለድ አንፈልግም። ማዮማዋ ብዙ ነበር፣ ሆዷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ይመስል ነበር፣ ሽንቷንም አያስችላትም። ዘመድ ረድቶን ህንድ ሄደን ነው ያሠራነው። ማህፀኗን ለማውጣት አልፈለገችም፣ ምርጫዋን አከበርኩ።

ብሽሽቷ ላይ ቀዳዳዋ የብዕር ጫፍ ብታክል ነው። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ደም የሚወስደው ሥር ድረስ ይገባሉ፣ በራጅ እያዩ፣ በግራም በቀኝም። ከዚያ አሸዋ የመሰሉ ደቃቅ ፍሬዎች ይለቃሉ፣ ፍሬዎቹ ማዮማውን የሚመግበውን ደም ይዘጋሉ። ማዮማው ምግብ አጥቶ ይኮማተራል። እሷ አልተኛችም፣ ነቅታ ከሐኪሙ ጋር ታወራ ነበር።

የማይነገረው ግን ማታው ነው። ያን ሌሊት ያመማት ሕመም ከምጥ አይተናነስም ነበር ትላለች። ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረውን ስለነበር ማስታገሻው በደም ሥር ተዘጋጅቶ ነበር፣ ባይኖር ምን እንሆን ነበር እላለሁ። ከዚያ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ መጣ፣ ቀስ እያለ ጠፋ። የወር አበባዋ ቶሎ ነው የተስተካከለው። ሆዷ ግን ወዲያው አልጎደለም፣ ወራት ፈጀ። በኋላ ሲለካ ወደ ግማሽ ወርዷል አሉን። ጠፍቷል ማለት አይደለም፣ አለ፣ ግን አያስቸግራትም።

ሳይከፈት ስለተባለ ቀላል ነው ብላችሁ አትግቡ ለማለት ነው። የምታስታምም ሰው አጠገብ ትኑር።

ሲስተር ከማህፀን ክፍል፦

ወንድሜ በጣም ጥሩ ጻፍክ። ባለቤትህን ሰላም በላት።

እዚህ ላይ ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ኢምቦላይዜሽን ስሟ እየገነነ ነው። ነገሩ የተጀመረው ፓሪስ ነው። ራቪና የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ከኦፕሬሽን በፊት ደም እንዳይበዛ ብለው የማህፀኑን ደም ሥር ይዘጉ ነበር። ሴቶቹ ኦፕሬሽናቸውን እየጠበቁ ሳለ ደማቸው ቆመ፣ ብዙዎቹም ኦፕሬሽኑ ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ይሄንን በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፣ ከዚያ ዓለም ተቀበለው። ለደም መብዛት ጥሩ ውጤት አለው። ግን ብሪታንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኢምቦላይዜሽን ካደረጉት ውስጥ በ5 ዓመት ጊዜ ከሦስት አንዷ ገደማ ሌላ ሕክምና አስፈልጓታል። ይህን አውቆ መግባት ነው።

መውለድ ለምትፈልግ ደግሞ መጀመሪያ የሚመረጥ አይደለም። የሚዘጋው ደም ለማህፀኑም ነው፣ አንዳንዴም ለእንቁላል ማምረቻው ይተርፋል፣ በተለይ ከ45 በላይ ሲሆን የወር አበባ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ የጸነሱ ሴቶች አሉ፣ ግን ውርጃው ከፍ ይላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ 254 ሴቶችን ያወዳደረ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ማዮማቸው በኦፕሬሽን የወጣላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ኑሯቸው ከኢምቦላይዜሽኖቹ ይሻል ነበር፣ ሁለቱም ግን ከነበሩበት ተሻሽለዋል። እንግዲህ ለባለቤትህ ልክ የሆነው ለ34 ዓመቷ ልክ ላይሆን ይችላል። ይሄ ነው የማዮማ ነገር።

ሽምብጥ፦

እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልናገር፣ ማንም እንዳይቀየመኝ።

እዚህ ሁሉ ሰው "ሳይከፈት፣ ሳይከፈት" ሲል የተከፈትን ሴቶች እንደተጎዳን ተቆጠርን። እኔ ተከፍቼ ነው የወጣልኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ማዮማዬ ብዙ ነበር፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ ግድግዳው ውስጥ ተሰግስጎ። ሐኪሜ ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። "በካሜራ ብገባ የማየውን ብቻ ነው የማወጣው። ስከፍት ግን ማህፀንሽን በእጄ ይዤ ዳብሼ ነው የማወጣው፣ ትንንሾቹ አያመልጡኝም። ማህፀንሽን ለማዳን ነው የምከፍትሽ" አለኝ። ገባኝ። ወንድሞቼ ደም ባንክ ሄደው ደም ሰጡ። የተከፈትኩት ከሆዴ በታች አግድም ነው፣ ዛሬ ጠባሳው የክር ያህል ነው። ለማገገም ከነሱ ይልቅ ቆይቻለሁ፣ እሱ እውነት ነው፣ እንስራም ልጅም ለወራት አላነሳሁም። በኋላ ግን ወለድኩ፣ በኦፕሬሽን፣ ሴት ልጅ። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት።

ስለዚህ እህቴ፣ ላንቺ ካሜራው ከሆነልሽ እሰየው። ካልሆነ ግን አለቀልኝ አትበዪ። መከፈትና ማህፀን መውጣት ሁለት ነገር ነው። ያ ሐኪም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስለተናገራቸው ነው የደነገጥሽው። ስትፈርሚም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ አስነብቢው፤ "ማዮማ ማውጣት" ነው የሚለው ወይስ "ማህፀን ማውጣት"? በምን ሁኔታ ነው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያልፉት? ይሄን መጠየቅ መብትሽ ነው። ባልሽም አብሮሽ ይግባ፣ ወይም እናትሽ።

ስለ ጸበሉ አክስትሽ ልክ ናት፣ እኔም ተጠምቄያለሁ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም አትተዪ። ቅጠል ቀቅለው የሚሰጡትን ግን ተዪው፤ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ጉበትና ኩላሊት ይነካል፣ ኦፕሬሽን ለምትገባ ሴት ደግሞ ይብስባታል።

ጣና ዳር፦

እህቶቼ፣ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሁሉንም አንብቦ "ነገ ሁለተኛ ሐኪም ጋ እንሄዳለን" አለኝ። አይረኑን ጀምሬያለሁ። ቡና ቁርስ ላይ ነው የምጠጣው፣ ኪኒኑን ወደ ማታ አዙሬዋለሁ።

ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። ቴሌግራም ላይ "ማዮማን ያለ ቀዶ ጥገና በጨረር በአንድ ቀን እናጠፋለን" የሚል ማስታወቂያ አየሁ፣ ውጭ አገር ነው፣ አማርኛ የሚናገር ሰው አላቸው። ይሄ እውነት ነው? ሌላው፣ አንዲት ፋርማሲ ያለች ጓደኛዬ "የሚያሟሽሽ መርፌ አለ፣ ለምን ትቆረጫለሽ" አለችኝ።

ሲስተር ከማህፀን ክፍል፦

ሕክምናው እውነት ነው፣ "በአንድ ቀን እናጠፋለን" የሚለው ግን ውሸት ነው።

ጨረር የሚሉት የድምፅ ሞገድ ነው፣ አልትራሳውንድ ራሱ፣ ግን በጣም ተጠናክሮ አንድ ነጥብ ላይ እንዲሰበሰብ የተደረገ። የተሰበሰበበት ቦታ ይሞቃል፣ የማዮማው ሥጋ ይሞታል፣ ከዚያ ሰውነት በወራት ውስጥ ይመጠዋል። በኤምአርአይ እየታየ የሚሠራው ዓይነት በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፣ ቻይና ደግሞ በአልትራሳውንድ እየታየ የሚሠራውን በሰፊው ነው የምትጠቀምበት። ሆድ ላይ ቢላዋ የለም። ግን ለሁሉም አይሆንም። በሞገዱ መንገድ ላይ አንጀት ካለ፣ ሆድ ላይ ትልቅ ጠባሳ ካለ፣ ማዮማው በጣም ብዙ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ፣ አይሠሩልሽም። ያላየሽ ሰው፣ ኤምአርአይሽን ያላነበበ ሰው፣ በቴሌግራም "ይሆናል" ካለሽ አትመኚው። ቀብድም አትላኪ። ሌላም በመርፌ ጫፍ የሚያሞቅ አለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ፣ እሱም መውለድ ለምትፈልግ ሴት ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለው። ላንቺ ከሚያደማሽ ከ2.5ዋ ጋር ሲታይ ይሄ ሁሉ ሩቅ መንገድ ነው። ቅርቡ እያለ ሩቁን ለምን?

መርፌውም እውነት ነው። ሰውነትሽን ለጊዜው እንዳረጠች ሴት የሚያደርግ የሆርሞን መርፌ ነው፣ የወር አበባ ይቆማል፣ ማዮማውም በ3 ወር ውስጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ደምሽ እስኪሞላ ጊዜ ለመግዛት ጥሩ ነው፣ ከኦፕሬሽን በፊት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ግን ሲቆም ማዮማው ተመልሶ ያድጋል፣ ከ6 ወር በላይ ብቻውን ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል፣ ሙቀትና ላብም አለው። በምትወስጂው ጊዜ ደግሞ አትጸንሺም። በአፍ የሚወሰዱም በ2020 እና 2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጸድቀዋል፣ ነገሩ ያው ነው፣ ማዮማውን ያበርዳል እንጂ አያወጣም። ፋርማሲ ያለችው ጓደኛሽ ልቧ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ያለ ሐኪም የሚወጋ መርፌ አይደለም።

ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ፣ ደም በደንብ ይቀንሳል። ላንቺ አልመክርም፤ አንደኛ መጸነስ ትፈልጊያለሽ፣ ሁለተኛ ወደ ውስጥ የገባ ማዮማ ካለ ሉፑ በደንብ አይቀመጥም፣ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ወልዳ ለጨረሰች፣ ክፍሉ ላልተበላሸባት ሴት ግን ከሁሉም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነው። ይሄን የምጽፈው ዝም ብለው ለሚያነቡት ነው፣ ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ።

የዘጌዋ፦

ሲስተር አንድ ልጠይቅሽ። አሁን ይሄ ላፓራስኮፒ ሲሠራ ማዮማውን ውስጥ ፈጭተው ነው የሚያወጡት ይባላል። አደጋ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሲስተር ከማህፀን ክፍል፦

ጥሩ ጠየቅሽ። አንድ 7 ሴንቲሜትር ነገር በአንድ ሴንቲሜትር ቀዳዳ ስለማይወጣ በመሣሪያ ይቆራረጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ማዮማ የመሰለው አልፎ አልፎ፣ በጣም በጥቂት ሴቶች፣ ክፉ ዕጢ ሆኖ ይገኛል፣ ሆድ ውስጥ ከተፈጨ ደግሞ ይበተናል። አሁን በከረጢት ውስጥ ተደርጎ ነው መቆራረጥ ያለበት። ዕድሜ ሲገፋ ስጋቱ ይጨምራል፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ እያደገ የመጣ "ማዮማ" ካለ በቶሎ መታየት አለበት፣ በዝምታ አይታለፍም። ለ34 ዓመቷ ስጋቱ ትንሽ ነው። ግን "በከረጢት ነው የምታወጡት?" ብሎ መጠየቅ ምንም አይጎዳም።

ጣና ዳር፦

ሄድን። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሳይሆን አንዲት ስፔሻሊስት ጋ ነው መጀመሪያ የገባነው፣ ሴት ናት፣ ጊዜ ሰጥታ አየችኝ። ወረቀቱን አንብባ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ልክ እንደ ሲስተር ነው፤ "ትንሿ የት ድረስ እንደገባች ማወቅ አለብኝ" አለች። ማህፀን ውስጥ ትንሽ ውሃ ተጨምሮ የሚታይ አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። ደሙም እስኪሞላ አትቸኩዪ፣ ቢያንስ ከ10 በላይ ይድረስልኝ ብላለች። ማህፀን የማውጣት ነገር አላነሳችም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ውሃው የሚጨመርበት አልትራሳውንድ ያማል? መቼ ነው የሚሠራውስ? ቀኑን እኔ እንድመርጥ ነግራኛለች፣ እኔ ግን ምን እንደምል አላወቅኩም።

ሲስተር ከማህፀን ክፍል፦

ደሙ ሙሉ በሙሉ እንደቆመ፣ ከጀመረበት ቀን ከተቆጠረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ባለው ጊዜ ነው የሚመረጠው። ያንቺ የሚረዝም ስለሆነ እንደቆመልሽ በማግስቱ ደውዪላት። እርግዝና እንዳይኖር ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ከባለቤትሽ ጋር ተጠንቀቂ። ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ነው የሚገባው፣ ውሃው ሲገባ የወር አበባ ቁርጠት ዓይነት ይሰማሻል፣ ሲጨርሱ ያልፋል። ከመሄድሽ ከአንድ ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን ብትወስጂ ይቀልልሻል፣ ጨጓራ ከሌለብሽ። ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ቀኑን ታዞርልሻለች። ሞዴስ ያዢ፣ ውሃው ሲመለስ ይፈሳል።

ውጤቱ ላይ 0፣ 1 ወይም 2 የሚል ቁጥር ካልተጻፈ አስጽፊ። አዲስ አበባ ስትደውዪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።